ጊታርህን በሳናት

ውድ ባለቤቴ ተፈራ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ከስኳሩም ከመርፌውም ካረፍክ ሦስተኛው ጋና፣ የቦረናው ትልቁ የዝናብ ወቅት፣ ነገሌ ገብቷል። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ዝናብ ሲያረግዝ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ ሌላው እንደነበረ ነው። ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ለመስክ ሥራ አሬሮና ሞያሌ ስትሰነብት እንኳ በሚመጣው መኪና «ደህና ነን» ከማለት ሌላ የላክኩልህ ነገር አልነበረም። ዛሬ የምጽፈው የምነግርህ ነገር ስላለ ነው፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። እዚህ ድረስ ማን ወሬ ያመጣል እንዳትለኝ፤ የነገሌ ሰው ወሬ የማያደርስበት አገር የለም።

ጊታርህን በሳናት። አንድ ቦታ ልንበሳት አስበን ሁለት ቦታ በሳናት። ተቆጣ፣ መቆጣት መብትህ ነው። ስትናደድ ታደርገው እንደነበረው አፍህን ዘግተህ ትንሽ ተመላለስና፣ ሲበርድልህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እኔ ከጤና ጣቢያው ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰፈሩ ግን አሁንም ቁስሉን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ ጡረታ የወጣሁት ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይመስለኝም። በረንዳውን ሲሚንቶ አስደርገነዋል፤ «በሚቀጥለው ዓመት» እያልክ ያሳደርከውን ያንን በረንዳ። አንተ የተከልከው ኒም ዛፍ ሥር የባጃጅ ማቆሚያ ሆኗል፤ ልጆቹ ጥላው ሥር ተኝተው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። የወታደር ካምፑ ጥሩምባ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ይነፋል፣ እኔም እንደ ድሮው ከጥሩምባው ቀድሜ እነሳለሁ። ልጃችን ሶስናና ባሏ ጉዮ ከእኔ ጋር መኖር ጀምረዋል። ጉዮን ታስታውሰዋለህ፤ ሊያጫት የመጣ ቀን «ዝምተኛ ነው፣ ይሆናል» ያልክለት የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ሠራተኛ። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፤ አንተን እያሰብኩ ፊቴን አዞራለሁ።

ትልቁ ወሬ ሶስና መጽነሷ ነው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባታል፤ አንተ ያንን አላየህም፣ ባለማየትህም ደስ ይለኛል። በዚያን ጊዜ ጊታርህን ምስማር ላይ ሰቅላ ዓመት ሙሉ አልነካቻትም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ምግቧን ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ሄዳ ታስተምራለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ስንት እናት ያዋለድኩ ሴት ለገዛ ልጄ የምለው ቃል አጣሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከውስጥ የጊታር ድምፅ ሰማሁ። የያዝኩትን ቲማቲም ደጃፉ ላይ አስቀምጬ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የልጄን ደህንነት የማውቀው በፊቷ አይደለም፣ በጊታሯ ነው። ስትጫወት ደህና ናት፤ ዝም ስትል እፈራለሁ።

እንግዲህ ይህች ልጅ ሆዷ ሲገፋ ጭን የሚባል ነገር አጣች። አንተ እንዳስተማርካት ቁጭ ብላ፣ ጊታሯን ቀኝ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የምትጫወተው። አሁን ግን ሆዷ ቀድሞ ተቀምጦበታል። ወደ ጎን ብታደርጋት ትንሸራተታለች፣ ወደ ፊት ብታርቃት እጇ አይደርስም፣ ሆዷ ላይ ብታስደግፋት ሕፃኑ ከውስጥ ይረግጣታል። አንድ እሑድ ጉባኤ ላይ መዝሙር መሀል ረግጦባት መዘምራኑ ሁሉ ሳቁ። ኪቦርድ ተገዝቷል አይደል ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ተገዝቷል፤ መብራት በመጣ ጊዜ ይሠራል። መፍትሔውን ማንም ያውቀዋል፤ ማንገቻ አድርጎ ቆሞ መጫወት ነው። ማንገቻ ግን ሁለት ጫፍ አለው፣ ሁለቱም የሚያዙበት ቁልፍ ይፈልጋሉ። ጊታርህ ከታች አንድ አላት፤ ከላይ፣ አንገቷ ሥር የላትም። የሠሯት ሰዎች የታችኛውን ገጥመው የላይኛውን ለባለቤቱ የተዉት ይመስላል፣ ባለቤቱ ደግሞ አንተ ሆንክ።

የአንተን ሕግ ከእኛ ቤት አልፎ መዘምራኑ በሙሉ ያውቁታል። ያቺ ወደ አገሯ የምትመለስ የእርዳታ ድርጅት ነርስ ለመሸኛዋ ፍየል ስትፈልግ፣ ሁለት ሙክት ሰጥተህ ጊታሯን ከተቀበልክበት ቀን ጀምሮ «ይቺ ጊታር አትበሳም፣ እኔም አንግቻት አልቆምም» ስትል ኖርክ። ሌሎቹ ማንገቻ ገዝተው በረድፍ ሲቆሙ አንተ ብቻ ወንበርህን ይዘህ ትመጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደማትቆም ሲጠይቁህ፣ ሾፌር ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው ብለህ ታስቃቸዋለህ። እኔ ለእንጨቱ የሳሳህ መስሎኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ ስቀልድብህ አብረኸኝ ትስቅ ነበር፣ ምክንያቱን ግን አንድም ቀን አልነገርከኝም።

ቁጭ ብለህ መጫወትህን ጠልቼው አላውቅም። ከያቤሎ ስንመለስ መኪናው የተበላሸብን ቀን ትዝ ይለኛል። ረዳቱ ዕቃ ፍለጋ ሲሄድ አንተ መለዋወጫውን ጎማ አውርደህ ተቀመጥክበትና ጊታርህን አወጣህ። ግመል የሚነዱ ሰዎች መንገዳቸውን ትተው ከበቡን። አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ካዳመጡህ በኋላ፣ ይህ ሰው እንዲህ እያወቀ ለምን መኪና ይነዳል ብለው በኦሮምኛ ጠየቁኝ። እኔም ሚስቱን ለመመገብ ነው አልኳቸው። ማታ ቤት ስንገባ ይህንን ነግሬህ እንዴት እንደሳቅክ! ያን ድምፅህን ዛሬም አልረሳሁትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሶስና ስትጠይቀኝ አይሆንም አልኳት፤ አባትሽ አትበሳም ብሏል፣ አለቀ። እሷም አልተከራከረችኝም። ጉዮ በጫማ ማሰሪያ ከጊታሯ ራስ ላይ አስሮ ሞከረላት፤ ማሰሪያው ግራ እጇን አላሠራ አለ፣ የጊታሯንም አንገት እየጎተተ ቅኝቷን አዛባው። እኔ ደግሞ የቁስል ፋሻ አጥፌ ጊታሯ አንገት ሥር ጠመጠምኩ፤ ጊታሯ ክንዷ የተሰበረ በሽተኛ መሰለች። ሦስታችንም ሳቅን። በማግስቱ ሶስና ፋሻውን ፈታ ጊታሯን ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለቻት። እስክወልድ ትቆይ አለች። ቀለል አድርጋ ነው ያለችው፣ እኔ ግን ያንን ምስማር አውቀዋለሁ።

ያን ሳምንት ቤቱ ጸጥ አለ። ምግቧን ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ገና የሚቀራት ጊዜ አለ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐሳቧን የምትጥልበት ነገር ያስፈልጋታል። ተፈራ፣ ፈራሁ። ከቃልህና ከልጅህ አንዱን ምረጪ የተባልኩ መሰለኝ። ጉዮን ጠርቼ ቁልፉን ፈልግ አልኩት። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የምፈቅደው ብዬም አስጠነቀቅኩት።

እዚህ የጊታር ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ ጉዮ ለሐዋሳ አውቶቡስ ሾፌር ነግሮ ቁልፉን ከነማንገቻው አስመጣ። የካፖርት ቁልፍ የሚያህል ብረት ነው፤ መሀሉን የሚጠመዘዝ ቪቴ ያልፍበታል፣ የማንገቻው ጫፍ ደግሞ በላዩ ላይ ይጠለቅበታል። አናጺዎቻችን ያላቸው ፑንታ፣ የመሰርሰሪያው ጫፍ፣ የበርና የአልጋ ነው፣ ለዚህ ይወፍራል። ቀጭን መሰርሰሪያ ያለው ማን ነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ባሻ ጥላሁን። የወታደርነት ጓደኛህ ባሻ ዛሬም ካምፑ ጀርባ ናቸው፤ ሬዲዮና ጃንጥላ ይጠግናሉ። ወሎዬ ሆነው በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ሳይሉ ደጃፍ አያልፉም፤ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ እስኪባሉም ቆመው ይጠብቃሉ።

ባሻ መሰርሰሪያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ጊታሯን ብርድ ልብስ አንጥፈን በደረቷ አስተኛናት። አንገቷ ከሳጥኗ የሚጋጠምበትን ወፍራም እንጨት፣ ተረከዟን ማለቴ ነው፣ በጣታቸው እየመቱ አዳመጡት። የቀረው ጎኗ እንደ ብስኩት ስስ ስለሆነ ቪቴ የሚችለው እዚያ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። እስከዚህ ልክ ነበሩ። ምልክቱን ያደረጉት ግን በጀርባዋ በኩል ሆነ። ጉዮ በስልኩ አይቶ ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነበር፣ ኔትወርክ አልነበረም። ባሻም ዕድሜዬን ሙሉ መሣሪያ ያነገትኩ ሰው ማንገቻ የት እንደሚውል ከስልክ አልማርም አሉ፤ አመንናቸው። መሰርሰሪያው እንጨቱን ሲነካ ዓይኔን ጨፈንኩ። የስንት ሰው ቁስል ዓይኔን ሳልጨፍን የሰፋሁ ሴት።

ቪቴው ገባ፣ ማንገቻው ተጠለቀ። ባሻ ጊታሯን ጀርባቸው ላይ ጣል አድርገው በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመዱባት። ልክክ ብላ ተቀመጠች፤ ሞያሌ ድረስ በእግር ቢሄዱባት አታስቸግርም። ሶስና ወደ ፊት አዙራ ስትይዛት ግን ጊታሯ ፊቷን ወደ መሬት ደፋች። ቀና ታደርጋታለች፣ ትደፋለች። በክንዷ ትደግፋታለች፣ ትደፋለች። ባሻ መጀመሪያ ምንም አይደለም አሉ፤ በዝናብ ጊዜ መሣሪያ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ነው የሚነገተው፣ ውሃ አይገባባትም አሉ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፣ ፊታቸው ተለወጠ። ሰውዬው ጊታሯን ያዘጋጇት ለመሸከም ነው እንጂ ለመጫወት አይደለም። እጃቸው የሚያውቀውን ነው የሠራው።

እኔም አልታገሥኩም። ስንት ዘመን አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሰው አንተ አልኳቸው። አገሩ ሁሉ ትጥቁን ፈትቶ አንተ ብቻ ቀረህ አልኳቸው፣ በልጆቹ ፊት። ባሻ መሰርሰሪያቸውን ጠቅልለው ወጡ። ሶስና ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችና አይዞሽ እማዬ አለችኝ። እሷ እኔን ስታጽናና ይባስ አለቀስኩ። አንድ ብዬ የፈቀድኩት ቀዳዳ በከንቱ ሄደ፣ ልጄም እንደገና ከምስማሯ ጋር ቀረች።

በማግስቱ ባሻ ክብሪትና ኮላ ይዘው ተመለሱ። ሰላምታቸውን አላስቀሩም፣ ናጋ እስክላቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። የክብሪቱን እንጨት እየላጉ፣ ኮላ እየቀቡ የተበላሸውን ቀዳዳ ደፈኑት። እጃቸው ሥራ ላይ ሆኖ ነው ያወሩት፤ ቀና ብለው አላዩንም። ተፈራ ለምን እንደማያነግት ታውቃላችሁ ወይ አሉ። ለእንጨቱ ሳስቶ ነዋ አልኳቸው። አይደለም አሉኝ።

ሠራዊቱ በተበተነበት ጊዜ ሁለታችሁ በሞያሌ መንገድ አብራችሁ እንደነበራችሁ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ነግረኸኝ አታውቅም። ባሻ እንዳሉን የጠመንጃው ማንገቻ ትከሻህን ልጦት ነበር። መሣሪያችሁን ባስረከባችሁበት ቀን ሌላው ሁሉ ሲወረውር አንተ ቀስ ብለህ መሬት አስቀመጥከውና ትከሻህን ይዘህ፣ «ከእንግዲህ እዚህ ላይ ማንገቻ አይወጣም፤ ከወጣም ልጅ የሚታዘልበት ነው» አልክ። ባሻ ስቀውብህ እንደነበር ነገሩን። ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ጫማህ እንኳ የአንድ እግር ብቻ ነበር። ጠባሳህን እኔ አውቀዋለሁ። ጆንያ ስሸከም ነው ብለኸኝ ነበር። ቁስል ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የጆንያ ጠባሳ እንደ ቀበቶ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ሲፈልግ ይነግረኛል ብዬ ተውኩህ፣ ሳትነግረኝ ሄድክ። በዚህ ትንሽ ተቀይሜሃለሁ። ብትነግረኝ ኖሮ ስለ ወንበርህ እንደዚያ አልቀልድብህም ነበር።

ነገሩ ባሰብኝ። እስከዚያ የነካሁት እንጨትህን ነበር፣ አሁን ትከሻህ ሆነ። ከሐዋሳ የመጣውን ማንገቻ ደግሞ አየሁት፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም ሸራ፣ ከካምፑ የወጣ ነው ቢባል የሚታመን። ሶስናም አየችው። አጣጥፋ ለጉዮ ሰጠችውና አባዬ የጠላውን አላደርግም፣ እታገሣለሁ አለች። ጊታሯን አንስታ ወደ ምስማሩ ስትሄድ ሳያት ነው የቃልህ ሁለተኛው ግማሽ ጆሮዬ ላይ የቀረው፤ ልጅ የሚታዘልበት። ቆይ አልኳትና ገብቼ ሳጥኔን ከፈትኩ።

አንቀልባዋን ታስታውሳታለህ። ሶስና ስትወለድ እናቴ ከክብረ መንግሥት የላከችልኝ፣ ዳር ዳሯ ዛጎል ያላት የቆዳ አንቀልባ። የተላከችው ለእኔ ነበር፤ ብዙ ያዘልክባት ግን አንተ ነህ። እኔ ተረኛ ስሆን፣ አንተም ከመስክ የተመለስክ እንደሆነ፣ ሶስናን ጀርባህ ላይ አድርገህ፣ ጠፍሩን ደረትህ ላይ አመሳቅለህ አስረህ፣ በጠራራ ፀሐይ በካምፑ በር በኩል ጡት እንዳጠባት ታመጣልኝ ነበር። ወንድ በአንቀልባ ሲያዝል ማን አይቶ ያውቃል? ወታደሮቹ ያፏጩብሃል፣ ሚስቶቻቸው በየደጃፉ ወጥተው ይስቃሉ። አንዷ፣ ከሁለታችሁ የወለደው ማነው ብላ ጮክ ብላ ስትጠይቅህ፣ ተራው የእኔ ነው ብለህ አልፈሃታል። እኔ በጤና ጣቢያው መስኮት አይህ ነበር። ኮርቼብህ ነበር፣ ተፈራ። ያኔ ያልነገርኩህ እንዳትጀነንብኝ ብዬ ነው፤ አሁን ብትጀነንም ግድ የለኝም።

የአንቀልባዋን ጠፍር ስፌቱን ተርትሬ አወጣሁት። አልቆረጥኩትም፣ መልሼ የምሰፋው ነው። ቆዳው ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር፤ ቅቤ ቀብቼ ሳሸው ዋልኩ። ጫፍና ጫፉን በምላጭ ሰነጠቅኩት፣ ቁልፉን አንቆ እንዲይዝ ጠበብ አድርጌ። ከአሮጌ ጫማህ ምላስ ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ ቆዳ ቆረጥኩ፤ ከቁልፉ ሥር ትገባለች፣ ብረቱ እንጨቱን እንዳይነክስ። ጉዮ በመጨረሻ ኔትወርክ አገኘና ትክክለኛውን ቦታ አሳየን። በጀርባዋ ሳይሆን በተረከዟ ጎን ላይ ነው፣ በቀጭኑ ክር በኩል። ባሻ ስልኩን ተቀብለው አዩት፣ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት።

ሁለተኛውንም ቀዳዳ እሳቸው ይብሱት አልኩ። ሶስና ገርሟት አየችኝ፣ ግን የአንተ ወዳጅ እንደዚያ አዝኖ ከቤቴ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ፑንታው ላይ የቁስል ፕላስተር ጠመጠምኩላቸው፣ ከዚያ አልፎ እንዳይገባ። በቀስታ በሱት፣ የእንጨቱን ብናኝ በትንፋሻቸው እየጠረጉ። ቪቴውን ሳሙና አስነክቼ ካቻቢቴውን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ትንሽ አዞራለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ትንሽ አዞራለሁ። እንጨት ከመሰንጠቁ በፊት ይናገራል ትለኝ ነበር። ምንም አልተናገረም። ቪቴው ሲጠብቅ እጄ ላይ ታወቀኝና ቆምኩ።

ሶስና ጠፍሩን በግራ ትከሻዋ አሳለፈችው። ጊታሯ ፊቷን ወደ ሰው አድርጋ ከሆዷ በላይ ዐረፈች። ልጅቷ መጀመሪያ ሁለት እጆቿን ለቃ ቆየች፣ መያዙን ለማየት። ያዘ። ከዚያ አንተ ሁልጊዜ ጣትህን ለማፍታታት የምትመታውን ያችን አጭር ዜማ መታች። ባሻ ተነስተው ወደ በረንዳው ወጡ። ተከትያቸው ወጥቼ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፤ ወደ አንቱ ተመለስሽ ወይ ብለው ሳቁብኝ። ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው፤ ያ የተበላሸ ቀዳዳ ባይኖር ያንን ቃልህን ማን ይነግረኝ ነበር?

እሑድ ዕለት መብራት አልነበረም፣ ኪቦርዱ በጨርቁ እንደተሸፈነ ዋለ። መዘምራኑ እንደ ልማዳቸው ወንበርህን ከፊት አኑረውላት ነበር። ሶስና አልተቀመጠችም፤ ከወንበሩ አጠገብ ቆመች። ጠፍሩን ያወቁት ትልልቅ ሴቶች በክርናቸው ተጎሻሸሙ። ድምፁ ከበፊቱ ይለያል፤ ቁጭ ስትል ግማሹ ልብሷ ውስጥ ይቀር ነበር፣ አሁን ሁሉም ይወጣል። ባሻ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ወደ እኛ ጉባኤ አይገቡም። በመስኮቱ ስመለከት ከግቢው በር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ሕፃኑ ረግጦሻል ወይ ብዬ በኋላ ጠየቅኳት፤ ዝም ብሎ ሲሰማ ነበር አለችኝ። እኔ ዓይኔ ከባዶው ወንበር አልነሣ ብሎኝ ነበር። በጣም ናፍቀኸኛል። ይህንንም ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

የጻፍኩልህ ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። የተደፈነው ቀዳዳ ይታያል። ጉዮ ቀለም ላስመስለው ብሎኝ ተው አልኩት፤ ልጁ አድጎ ይህ ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ የማወራለት አለኝ። የትከሻህን ነገርም እነግረዋለሁ፣ እንደ አንተ ሳልደብቅ፣ ሙሉውን። ሶስና ስትወልድ ጠፍሩን ከጊታሯ ፈትቼ ወደ አንቀልባዋ እመልሰዋለሁ። ጊታሯ አትቀየምም፤ ያኔ ጭን ይኖራል።

ጉዮን ነግሬዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚያዝለው እሱ ነው። አንገቱን ደፍቶ «ቶሌ» አለኝ፣ እሺ ማለቱ ነው። ሊያጫት የመጣ ቀን እንዳልክለት፣ ይሆናል። ያን ቀን ጠፍሩን ደረቱ ላይ አመሳቅዬ የማስረው እኔ ነኝ። ከዚያም በጠራራ ፀሐይ፣ በካምፑ በር በኩል እልከዋለሁ። የሚያፏጭ ያፏጭ፣ የሚስቅም ይሳቅ። እኔም በመስኮት አልቀርም፤ አብሬው እየሄድኩ፣ በእኛ ቤት ወንድ ትከሻው ላይ የሚያወጣው ይህንን ነው እላቸዋለሁ።

የአንተው ወርቅነሽ